የጎመን ሰማያዊ፣ የቀይ ሥር ቡናማ፦ የተፈጥሮ ቀለም ወረቀት ላይ ለምን አይረጋም?

ጠራዥ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምተዳደረው መጽሐፍ በመጠረዝ ነው። ሽፋኑ ሲገለጥ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍበትን፣ ሽፋኑን ከገጾቹ ጋር የሚያያይዘውን ወረቀት ከተክል በወጣ ቀለም ለማስዋብ ፈልጌ ያልቀቀልኩት ነገር የለም። ውጤቱ ግን እርስ በርሱ ተጣላብኝ፤ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የቀይ ጥቅል ጎመን ውኃ ድስቱ ውስጥ ሐምራዊ ነው። ርካሽ ወረቀት ላይ ስቀባው ሐምራዊነቱን ይዞ ይደርቃል። «አሲድ የሌለው» ተብሎ በሚሸጠው ውድ ወረቀት ላይ ስቀባው ደግሞ ብሩሼን ሳላነሣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሲደርቅ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ብሩሹ ያው፣ ውኃው ያው። የቀይ ሥር ጭማቂ ሲቀባ ልብ የሚሰርቅ ሮዝ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይደበዝዝና ቡናማ ይሆናል። እርድ ከሁሉም ደምቆ ነበር፤ መስኮት አጠገብ ካስቀመጥኩት ወረቀት ፀሐይ ያገኘችው ግማሽ ነጥቶ፣ መጽሐፍ የተጫነበት ግማሽ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። እስካሁን ያላሳፈረኝ የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሰጠኝ ወርቃማ ቡናማ እንጂ የምፈልገውን ቀይ ወይም ሰማያዊ አይደለም።

ሌላም አለ። ከወደቀ ግንድ ውስጥ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ እስከ ውስጡ የተነከረ የሚመስል እንጨት አገኘሁ። የሻጋታ ሥራ ይመስለኛል። ፈልጬ በውኃ ቀቀልኩት፣ በአልኮል ዘፈዘፍኩት፤ ፈሳሹ ቀለም አልያዘም፣ እንጨቱም አረንጓዴነቱን አልለቀቀም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከደንበኛ የመጣ ነው። ድስቶቼን አይቶ «እነዚህ እኮ መድኃኒት ናቸው፤ ደማቅ ቀለም ያለው ሁሉ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ የተረፈህን ለምን ትደፋዋለህ? ጠጣው እንጂ» አለኝ። እውነት አለው?


ብልቃጥ፦

ወንድሜ ጠራዥ፣ ብዙ ዘመኔን የምግብ ቀለም በሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። መልሴ ይረዝማል፤ ታገሠኝ።

ከጎመኑ ልጀምር። ሐምራዊ ያደረገው አንቶሳያኒን የሚባል የውሕዶች ቤተሰብ ነው፤ ጥቁር ወይንን፣ እንጆሪን፣ አብዛኛውን ቀይና ሰማያዊ አበባ የሚያቀልመውም እሱ ነው። ይህ ሞለኪውል አንድ ቋሚ ቀለም የለውም። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካሊ) ከ3 በታች ሲሆን ቀይ ነው። ወደ 4 እና 5 ሲጠጋ ውኃ ይይዝና ቀለም ወደሌለው ቅርጽ ይዞራል። የእንጆሪው እዚህ ላይ ይገረጣል፤ የጎመኑ ግን ተጨማሪ የአሲድ ክፍሎች ስላሉትና እነሱም በሞለኪውሉ ላይ ታጥፈው ስለሚከልሉት ሙሉ በሙሉ አይገረጣም። በ7 አካባቢ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ፤ በጠንካራ አልካሊ ውስጥ ደግሞ ቀለበቱ ተከፍቶ ቢጫ። አረንጓዴው ራሱን የቻለ ቀለም አይደለም፤ ሰማያዊውና ቢጫው አንድ ላይ ሲገኙ ለዓይን የሚመስለው ነው። ሮበርት ቦይል የቫዮሌት አበባ ሽሮፕ በአሲድ ሲቀላ፣ በአልካሊ አረንጓዴ ሲሆን እንዳየ እ.ኤ.አ. በ1664 ጽፏል፤ የኬሚስቶች የአሲድ መፈተሻ ከዚህ ዓይነቱ ምልከታ ነው የተወለደው።

አሁን ወደ ውዱ ወረቀትህ እንምጣ። «አሲድ የሌለው» የሚባለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተጨምሮበታል፤ ወደፊት ከአየርም ከራሱም የሚመጣውን አሲድ እንዲያከሽፍለት። ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ አልካሊ ነው። ብሩሽህ እንዳረፈ የተለወጠው ለዚህ ነው፤ ሳታውቀው የወረቀትህን ፒኤች ስትለካ ነበር። ርካሹ ወረቀት አሲድነት ስላለው ሐምራዊውን አቆየልህ፤ ያው አሲድ ግን ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ያደርቀውና ያንኮታኩተዋል። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ቀይ ሥር ሌላ ዘር ነው። ቀለሙ ቤታኒን ይባላል፤ ቤተሰቡ ቤታሌን ነው። ከአንቶሳያኒን የሚለየው ናይትሮጅን በውስጡ ስላለና የሚሠራው ታይሮሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ስለሆነ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ተክል ወይ አንቶሳያኒን ወይ ቤታሌን ይሠራል እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ ሲሠራ አልተገኘም። ቤታኒን ፒኤች ከ3 እስከ 7 ቢወጣና ቢወርድ ቀለሙ ብዙም አይናወጥም፤ የእርጎና የአይስክሬም ፋብሪካዎች ኢ162 በሚል መለያ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። ጠላቶቹ ሙቀት፣ ብርሃንና ኦክስጅን ናቸው። አይስክሬም ቀዝቃዛ ነው፣ ታሽጎም ይቀመጣል፤ የአንተ ወረቀት ግን ለሦስቱም የተጋለጠ ነው። ሞለኪውሉ ለሁለት ሲሰበር አንዱ ክፍል ቢጫ ይሆናል፤ ሌላው ቀለም አልባ ሆኖ ይጀምርና ከኦክስጅን ጋር እየተያያዘ ይጠቁራል። ያየኸው ቡናማ ይኸው ነው። መቀቀልህም አልረዳውም፤ ቀይ ሥር ተፈጭቶ በብርድ ነው የሚጨመቀው።

እርድን በሁለት ቃል፦ ቀለሙ ኩርኩሚን ብርሃን አይችልም። በፀሐይ ይሰበራል። የብርሃን ጽናት ከ1 እስከ 8 በሚመዘንበት ልኬት ከታች ነው የሚቀመጠው። ወረቀቱን ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ካላኖርክ በቀር የሚያድነው ዘዴ የለም።

እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ ነገር አለ፤ እሱን ከያዝክ ሌላውን ራስህ ትደርስበታለህ። የካሮትን ብርቱካናማ እንውሰድ። ቤታ ካሮቲን 40 ካርቦን አለው፤ በውስጡ 11 ድርብ ትስስሮች ከነጠላ ትስስሮች ጋር እየተፈራረቁ ተሰልፈዋል። ኤሌክትሮኖቹ በዚያ ሰልፍ ርዝመት ሁሉ ስለሚንቀሳቀሱ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣሉ፤ የቀረው ብርሃን ብርቱካናማ ሆኖ ይታየናል። ተክሉ ወደ ካሮቲን ከመድረሱ በፊት የሚሠራው ፊቶይን የሚባል ሞለኪውል አለ። እሱም 40 ካርቦን አለው፤ የተሰለፉት ድርብ ትስስሮቹ ግን 3 ብቻ ናቸው፤ ዓይን ጭራሽ አያየውም። ቀለም ማለት እንግዲህ የዚህ ሰልፍ ርዝመት ነው። ችግሩ ብርሃን የዋጠ ሞለኪውል የዋጠውን ኃይል አንድ ቦታ ማድረስ አለበት፤ ኦክስጅንም የሚያጠቃው እነዚያኑ ድርብ ትስስሮች ነው። አንዱ በተቆረጠ ቁጥር ሰልፉ ያጥራል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ሞለኪውሉን ባለቀለም ያደረገው ራሱ ነው ለጥፋት የሚያጋልጠው። ሕያው ቅጠል የጠፋውን በየጊዜው ይተካል፤ ወረቀት አይተካም።

ከዚህ ዕጣ ያመለጡ ጥቂቶች አሉ። ሰማያዊው የተክል ቀለም ኢንዲጎ አንዱ ነው፤ የዋጠውን ኃይል እጅግ ፈጥኖ ወደ ሙቀት ለውጦ ያስወጣዋል፤ ለመሰበር ጊዜ አይኖረውም። ማደር ከሚባለው ተክል ሥር የሚወጣው ቀዩ አሊዛሪንም እንደ አሉሚኒየም ካለ የብረታ ብረት አዮን ጋር ሲተሳሰር በደንብ ይጸናል። ቀይና ሰማያዊ ከፈለግህ መንገድህ በእነዚህ በኩል ነው፤ ከወጥ ቤት ውጣ።

የደንበኛህ ነገር ግን ደሜን ያፈላዋል። «አንቲኦክሲዳንት»፣ ማለትም የኦክስጅንን ጉዳት የሚከላከል፣ የሚለው ቃል መጀመሪያ የሚነግርህ ሞለኪውሉ በብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳደረገ ነው። ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ኬሚካል አለ፤ ናሙናህን ትጨምርበትና ወደ ቢጫ ሲለወጥ በ517 ናኖሜትር ትለካለህ፤ በቃ። ጥሩ ፈተና ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ስለ ደምህ፣ ስለ ጉበትህ አንድም ነገር አይናገርም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት አቅም የሚያሳይ ኦራክ የተባለ የቁጥር ሰንጠረዥ ነበረው፤ ቁጥሮቹ በሰውነት ውስጥ ስለሚሆነው የሚሉት ነገር ስለሌለና ሻጮች ለማስታወቂያ ስለተጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አንሥቶታል።

የባሰውን ልንገርህ። ፊንላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆነ 29,133 ወንድ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ታተመ። በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። የተጠበቀው ይቀንሳል ተብሎ ነበር። ካሮት አትብላ ማለቴ አይደለም፤ ቤታ ካሮቲን በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል፣ ያለ እሱ ዓይን በማታ አያይም። ግን ይህ ጥቅም የመጣው ሰውነት ቆርጦ ወደ ሌላ ሞለኪውል ስለሚለውጠው ነው፤ ቀለሙ ስለደመቀ አይደለም። ማቅለሚያህን አትጠጣ። ደንበኛህንም አታጠጣ።


ክርና ቀለም፦

ብልቃጥ የሞለኪውሉን ነገር ጨርሶታል፤ እኔ ስለ እጅ ሥራው ልናገር። ሱፍና ጥጥ ነው የማቀልመው።

የሽንኩርት ልጣጭ ለምን እንዳላሳፈረህ አስበኸዋል? ክዌርሴቲን የሚባል ፍላቮኖይድ አለው፤ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ የኦክስጅን አተሞቹ እንደ አሉሚኒየም ያለ ብረታ ብረት ሲያገኙ እንደ መቆንጠጫ ይይዙታል። እኛ አቅላሚዎች ሸብ ወይም አሉም የሚባለውን ጨው የምንጠቀመው ለዚህ ነው፤ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም በአንድ ወገን ክሩን በሌላ ወገን ቀለሙን ይይዛል። የሱፍ ደንብ ከክሩ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሸብ ነው። ክዌርሴቲን ቢሆንም በብርሃን ብዛት ቡናማ እየሆነ ይሄዳል። ዌልድ ከሚባለው ተክል የሚገኘው ሉቲዮሊን ያው ቢጫ ነው፣ አንዲት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ክፍል ብቻ ትጎድለዋለች፤ ጽናቱ ግን በጣም ይበልጣል። ያቺ ክፍል ናት ለብርሃን በር የምትከፍተው። ቢጫ ከፈለግህ እርድህን ጥለህ ወደዚያ ሂድ።

ለወረቀት ግን እኔ አንተን ብሆን ፈሳሹን ቀለም አልቀባም ነበር። ቀለሙን ወደ ዱቄት ለውጠው። ሠዓሊዎች ሌክ የሚሉት ነው። የማደሩን ሥር ፈጭተህ ለብ ባለ ውኃ፣ ከ70 ዲግሪ ሳታሳልፍ፣ ቀለሙን አውጣ፤ ከዚያ በላይ ካሞቅኸው ቡናማው ክፍል አብሮ ይወጣና ቀዩን ያደበዝዝብሃል። አጥልለህ የሟሟ ሸብ ጨምርበት። በሌላ ዕቃ ሶዲየም ካርቦኔት (ሶዳ) በውኃ አሟሟ፤ መጠኑ ከሸቡ ክብደት ሲሶ ገደማ ነው። ይህንን በቀስታ፣ ጠብ ጠብ እያደረግህ ጨምር። ዕቃህ ትልቅ ይሁን! አረፋው እንደሚገነፍል ወተት ይነሣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቸኩለህ ብትገለብጠው ግማሹን ጠረጴዛው ይጠጣዋል። አረፋው ሲበርድ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ቆይቶ ከታች ቀይ ጭቃ ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ውኃ ጠርቶ ይቀራል። ነጩ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ቀለሙን ይዞት ወርዷል ማለት ነው። ከላይ ያለው ውኃ አሁንም ደማቅ ቀይ ከሆነ ሸቡ አንሶሃል። ጭቃውን አጥልል፣ አድርቅ፣ በድንጋይ ላይ ከግራር ሙጫ ጋር አልመህ ፍጨው። የተገኘው የውኃ ቀለም ነው፤ ወረቀት ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም።

ብረት፣ ማለትም የብረት ሰልፌት የሚጨምሩ አሉ፤ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ያጸናዋልም። ለወረቀት ግን እንዳትሞክረው።


ሻጋታ መርማሪ፦

ያ አረንጓዴ እንጨት ልቤን ሰረቀው። የገለጽከው ክሎሮሲቦሪያ የሚባል ፈንገስ ሥራ ይመስላል። ፍሬው እንደ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ አረንጓዴ ጽዋ ናት፤ ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ የሚታየው የተነከረው እንጨት ነው። ቀለሙ ዛይሊንዲን ይባላል። በውኃ አይሟሟም፣ በአልኮልም እንቢ ይላል፤ ስለዚህ ድስትህ ጥፋት የለበትም። እሱን ለማውጣት የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች ደግሞ አየር ማስወጫ በሌለው ክፍል ሊከፈቱ የማይገባቸው ናቸው። በምትኩ እንጨቱን ራሱን ተጠቀምበት። የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን አናጢዎች የተለያዩ እንጨቶችን እየሰኩ ሥዕል ሲሠሩ ለቅጠሉና ለመስኩ የከተቱት ይህንኑ በፈንገስ የተነከረ እንጨት ነበር፤ አረንጓዴው ዛሬም አለ። አንተ ደግሞ ሽፋን ትሠራለህ፤ በስሱ ተሰንጥቆ ቆዳው ላይ ቢሰካ ያምራል።

ከእንጉዳይ ቀለም የሚያወጡ ሰዎችም አሉ። ኮርቲናሪየስ በሚባለው ወገን ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ እንጉዳይ አለ፤ ቀለሙ ከአሊዛሪን ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ በሸብ ጥሩ ይይዛል። ሀፓሎፒለስ የሚባለው፣ ግንድ ላይ የሚወጣው ቀረፋማ ፈንገስ ደግሞ በአሞኒያ ሲረጥብ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፤ ላየው ሰው ያስደነግጣል። ሁለቱም ጋ ግን አደጋ አለ። ሀፓሎፒለስ መርዛም ነው። ከኮርቲናሪየስ ዘመዶች መካከል ኦሬላኒን የሚባል ኩላሊት የሚያጠፋ መርዝ ያለባቸው አሉ፤ ክፋቱ ሕመሙ ከተበላ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሚጀምር ሰውየው ምን እንደበላ አያስታውስም። ለማቅለሚያ የተመደበ ድስት ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነው። ሞናስከስ የሚባል ፈንገስ ሩዝ ላይ ሲበቅል ሩዙን ከውስጥ ድረስ ቀይ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚሠራው ብርቱካናማ ነው፤ ያ ከአሚኖ አሲዶች ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅን ይቀበልና ቀይ ይሆናል። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ እ.ኤ.አ. በ1979 ከዚሁ ፈንገስ ወገን ሞናኮሊን ኬ የተባለ ውሕድ ለየ፤ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚያግድ ነው። ሎቫስታቲን ተብሎ ከሌላ ፈንገስ ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትነት የተፈቀደው ሞለኪውል ያው ነው። እንግዲህ ሰው «ቀዩ ሩዝ ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቀዩ ቀለም መድኃኒት ነው» ይላል። ሞናኮሊን ኬ ቀለም የለውም! ቀዩ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ። ሦስተኛም አለ፦ አንዳንዱ የሞናስከስ ዝርያ ሲትሪኒን የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ይሠራል፤ ክሪስታሉ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ነው። አንድ ብልቃጥ ውስጥ ሦስቱም ይገኛሉ፤ በዓይን የሚለያቸው ሰው የለም። እኛ የምንለያቸው በክሮማቶግራፊ ነው፤ ሚካይል ጽቬት እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ የቅጠልን አረንጓዴና ቢጫ በኖራ ዱቄት ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ባወጣው ዘዴ። የአውሮፓ ኅብረት ሞናስከስን በምግብ ቀለምነት አይፈቅድም፤ በተጨማሪ ምግብነት ሲሸጥም እ.ኤ.አ. በ2022 በቀን የሚወሰደው ሞናኮሊን ከ3 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን አዟል።


ቅጠል በጣሽ፦

ላቦራቶሪ የገባ ሰው ሁሉ ተክልን መናቅ ይወዳል። ኩዊኒን ከዛፍ ቅርፊት አልወጣም? አርቴሚሲኒንስ? የዛሬው መድኃኒት ቤት ብዙው ከቅጠልና ከሥር የተወለደ አይደለም? ተፈጥሮ ለተክሉ ቀለም የሰጠችው ያለ ምክንያት አይደለም።


ሻጋታ መርማሪ፦

ቅጠል በጣሽ፣ ተክልን የናቀ የለም፤ እንጀራዬ ከፈንገስ ነው። ግን የጠቀስካቸውን ሁለቱን እያቸው፤ ኩዊኒንም አርቴሚሲኒንም ሲጠሩ ነጭ ናቸው። ፔልቲዬና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1817 የቅጠልን አረንጓዴ ለይተው ክሎሮፊል ብለው ሰየሙት፤ በ1820 ደግሞ እነዚያው ሁለት ሰዎች ከቅርፊት ኩዊኒንን ለዩ። ከእነዚያ ሁለት ግኝቶች የወባ በሽተኛ ያዳነው ቀለም የሌለው ነው።

ምክንያት አለው ስትል ግን እስማማለሁ። አበባው ንብ ይጠራል፤ ቅጠሉ ከኃይለኛ ፀሐይ ይከለላል፤ ፈንገሱ ጎረቤቱን ባክቴሪያ ይመርዛል። ሁሉም የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ ስለ እኛ ያሰበ የለም።


ጠራዥ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጎመኑ ምስጢር ሲገለጥልኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወረቀቱን ከሸጠልኝ ሰው ይልቅ ጎመኑ እውነቱን ነግሮኛል።

ክርና ቀለም፣ እህቴ፣ ሸብ ስትዪ ግን ደነገጥኩ። በእኛ ሙያ ሸብ ስሙ የጠፋ ነው። ሞሪትስ ኢሊግ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1807 ወረቀት በሙጫና በሸብ የሚጠነክርበትን ዘዴ ካሳተመ በኋላ የተሠራው ብዙ ወረቀት በአሲድ ተበልቶ ዛሬ እጃችን ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ለጥገና የሚመጡልኝ መጻሕፍት አብዛኞቹ የዚያ ሰለባ ናቸው። ዱቄቱ ሲደርቅ ሸብ አብሮት አይቀርም?


ክርና ቀለም፦

ጥያቄህ ትክክል ነው፤ ሱፍ አሲድ ስለሚችል እኛ ብዙም አንጨነቅበትም። ወረቀቱን በሸብ ውኃ ብትዘፈዝፈው ፍርሃትህ ይደርሳል። ሌኩ ላይ ግን ሸቡ ከሶዳው ጋር ተዋግቶ አልቋል፤ አሉሚኒየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ጭቃው ውስጥ ነው፤ የተረፈው በውኃ የሚሟሟ የሶዲየምና የፖታሲየም ሰልፌት ነው። ሥራህ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሶዳውን ፒኤች 7 ገደማ እስኪደርስ ጨምር፤ ከዚያ በታች ካቆምክ ያልተዋጋ ሸብ ይቀራል፤ በጣም ካሳለፍክ ደግሞ ቀዩ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል፣ ዝቃጩም መልሶ መሟሟት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ እጠበው። ንጹሕ ውኃ ጨምረህ አማስል፣ አስዘቅጥ፣ ድፋ፤ የምትደፋው ውኃ ምላስ ላይ ጨው ጨው የማይል እስኪሆን ልል ነበር፤ ሻጋታ መርማሪ ስለሚቆጣ በፒኤች ወረቀት ለካው።

ብረቱን የከለከልኩህም ለአንተ ሙያ ብዬ ነው። የብረት ቀለም የተጻፈባቸው የድሮ ደብዳቤዎች ፊደሉ ባለበት ተበስተው አይተሃል አይደል? ብረቱ ወረቀቱን እያቃጠለው ነው።


ብልቃጥ፦

የኖራ ድንጋይ ያለበት ወረቀትህም ለማደር ሌክ ጠላት አይደለም፤ ለጎመን ነው እንጂ።

ሸጠህ ከማፈርህ በፊት ግን ፈትን። ቀለሙን በረጅም ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀባ፤ ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው፤ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ላይ ለጥፈው። አጠገቡ የእርዱን ቁራጭ አድርግ። እርዱ ሙሉ በሙሉ ሲነጣ ፎይሉን ፈትተህ የማደሩን ሁለት ግማሾች ጎን ለጎን እያቸው። ልዩነት ካላየህ መልሰህ ጠቅልለህ ተወው፣ ወቅት ይለፍበት። ሙዚየሞች ቀለሙ ለብርሃን ስስ የሆነን ነገር 50 ሉክስ አካባቢ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚያሳዩት፤ የአንተ ቀለም ደግሞ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በተዘጋ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ከማንኛውም ሥዕል የተሻለ ዕድል አለው። እንዲያውም ለተዘጋ መጽሐፍ የሽንኩርቱ ልጣጭ ይበቃል።

ኢንዲጎውን ስትጀምር ለብቻው ጥያቄ ክፈትና ጥራኝ፤ እሱ ኦክስጅን በሌለበት ገንዳ ውስጥ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ካልሟሟ በቀር ወረቀት ውስጥ አይገባም፤ ገንዳው አልካሊ ስለሆነ ስለ ወረቀትህ ሌላ ክርክር ይነሣል።